የአርመርድ ኬብል ብረት እንደ ግራውንድ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ

አርመርድ ኬብል ሲላጥ መጀመሪያ የውጭ ፕላስቲኩ ይወርዳል። ከሥሩ ዙሪያውን የተጠመጠመ ዚንክ የተቀባ የብረት ሽቦ አለ። የብረቱ ዋና ሥራ ኬብሉን ከዶማና ከድንጋይ መጠበቅ ነው። ይህንኑ ብረት ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንት የሚሄድበት መስመር፣ ማድረግም ይቻላል፤ በወጉ ከታሰረ ጥሩ ግራውንድ ይወጣዋል።

ቆቦ ጊራና ሸለቆ ላይ በጉድጓድ ውሃ መስኖ ይለማል። ፓምፑ ብሬከሩ ካለበት ቦርድ ራቅ ይላል፤ ኮረንት ያለው ሽቦ ተላጦ የፓምፑን አካል ነካ እንበል። «በኬብሉ ብረት ፈንታ እዚያው አንድ የግራውንድ ዘንግ ብንቀብርስ?» የሚል አይጠፋም። የዘንጉ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ በ220 ቮልት የሚፈሰው 11 አምፔር ብቻ ነው። 32 አምፔር ብሬከር ይህን ከቁም ነገርም አይቆጥረው። የፓምፑ አካል ኮረንት እንደያዘ ይቆያል። በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። ኮረንቱ በኬብሉ ብረት በኩል ወደ ቦርዱ ከተመለሰ ግን ሌላ ነው። ቦርዱ ላይ ግራውንዱ ከኒውትራል (በደህናው ጊዜ ኮረንቱ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ከታሰረና የዙሩ ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ከሆነ 440 አምፔር ይፈሳል። ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል።

ብረት ኮረንት በማሳለፍ ከመዳብ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ብረቱ በውፍረት ማካካስ አለበት። በትንንሽ ኬብሎች ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ባለ ቦታ በሚዘረጋ ወፍራም ኬብል ግን ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ለግራውንድ የራሱ መዳብ ይጨመራል። እኔ መስመሩ ረጅም ከሆነም መዳቡን እመርጣለሁ። ብረቱን ኒውትራል ማድረግ ግን ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ባለ አንድ ኮር ኬብል (ውስጡ ኮረንት የሚያሳልፍ አንድ ሽቦ ብቻ ያለው) ላይ የብረት ሽቦ አይጠመጠምም፤ በተለዋዋጭ ኮረንት ብረቱ ራሱ ይግላል። አሉሚኒየም የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ጫፉ ላይ ነው። የብረት ሽቦዎቹ በሙሉ በናስ ግላንዱ (የኬብሉን ጫፍ ቦርዱ ላይ አጥብቆ በሚይዘው ማሰሪያ) ኮን ላይ ተዘርግተው መጥበቅ አለባቸው። ጎንጉኖ በቴፕ መጠቅለል ግን ልማድ ሆኖብናል። ቦርዱ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ኮረንት አያሳልፍም። ስለዚህ የግላንዱ ቀለበት ገብቶ ከግራውንድ ባሩ ጋር በሽቦ ይታሰራል። መሬት ውስጥ የተቀጠለ ኬብል ካለም ብረቱ በቅጥሉ ላይ መቀጠል አለበት። መዳቡን ቀጥሎ ብረቱን የረሳ ሰው ፓምፑ ሲሠራ ምንም አይታየውም፤ ግራውንዱ ግን እዚያ ጋ ተቆርጧል።