ዶፓሚን ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«ቅኔ ስንሰማ አንጎላችን ዶፓሚን የተባለውን የደስታ ሆርሞን ያመነጫል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አነበብኩ።

ዶፓሚን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው። ሐኪም በደም ሥር ሲሰጠው የወረደ የደም ግፊትን ያነሣል እንጂ፣ ከደም ወደ አንጎል ስለማይሻገር፣ ታማሚውን ሲያስፈነድቅ አይተን አናውቅም።

«ደስታ» የሚለውን ትርጓሜ ያናጋው የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልዝ በጦጣዎች ላይ ያካሄደው ምርምር ነው፤ ግኝቱን በቡና ላስረዳ። ጎረቤት ሳይታሰብ «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ስትጠራን የዶፓሚን ሕዋሳት ይነቃሉ። ጥሪው ከተለመደ በኋላ ግን የሚነቁት የሚቆላው ቡና ሲሸተን ነው፤ ሲኒው እጃችን ሲገባ ጸጥ ይላሉ። ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ሳለ ጀበናው ቢሰበር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። (ቶናው ከአቦሉ የሚቀጥነው በውሃው ምክንያት ነው፤ እሱን ለዶፓሚን አልሰጥም።) ሕዋሳቱ የሚያስታውቁት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው ማለት ነው።

አስተያየት ሰጪው ሳይጠቅስ የተደገፈበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንትሪያል ከሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ የአንጎልን ኬሚካሎች በሚከታተለው የፔት ምርመራ፣ ጊዜውን ደግሞ በኤምአርአይ እየለዩ፣ ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ፣ አካላቸውን ውርር የሚያደርገው ቦታ ከመድረሱ በፊት ኮዴት በተባለው የአንጎል ክፍል፣ ሲደርስ ደግሞ በኒውክሊየስ አኩምበንስ ዶፓሚን መለቀቁን አሳዩ። ጥናቱን አከብረዋለሁ፤ ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ከዐሥር የማይበልጡ፣ ሙዚቃ ሲሰሙ ውርር እንደሚላቸው ታውቆ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሙዚቃውም ቃል አልባ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ቅኔ መናገር እንዴት ይቻላል?

በእኔም ላይ የሚነሣ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት የዶፓሚንን መጠን የሚጨምረው ሌቮዶፓ ከሙዚቃ የሚገኘውን እርካታ ከፍ ሲያደርግ፣ ተግባሩን የሚያግደው ሪስፐሪዶን ዝቅ አድርጎታል፤ ስለዚህ ዶፓሚን ከደስታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ብዬ አልከራከርም። ግጥምን በሚመለከትም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥናት ግጥም የሚያዳምጡ ሰዎችን አንጎል በኤምአርአይ ተመልክቷል፤ ይሁንና ያ መሣሪያ የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ እንጂ ዶፓሚንን አይደለም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን በሚጠባበቅ አድማጭ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ተለቅቋል ሊለን የሚፈልግ ሰው፣ አድማጩን ፔት መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ ቅኔ ያስዘርፍለት።