የክፍያ በተን ድረ ገጽ ላይ እንዴት ይሠራል?

ድረ ገጽ ላይ «አሁን ይክፈሉ» ወይም «ይለግሱ» የሚል በተን ማስገባት ቀላል ነው። የክፍያ ድርጅቱ የሚሰጠውን ቁራጭ ኮድ ኮፒ አድርጎ ገጹ ውስጥ መለጠፍ፣ አለቀ። ግን በተኑ ራሱ ገንዘብ አይቀበልም። የእሱ ሥራ ከፋዩን ወደ ክፍያ ድርጅቱ ማሻገር ነው። ካርዱን የሚያየው፣ ፒኑን የሚጠይቀው፣ ብሩን የሚያንቀሳቅሰው ያኛው ወገን ነው። ይህን የዘነጋ ባለ ድረ ገጽ ነው በኋላ «ከፍያለሁ»፣ «አልገባልኝም» የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ የሚገባው።

ነገሩን በሰፊው ያስለመደው ፔይፓል ነው። 1998 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንፊኒቲ በሚል ስም ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 2002 ላይ የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው፣ 2015 ላይ ተለያዩ። የድሮው የፔይፓል በተን ተራ የኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ፎርም ነበር። ፎርሙ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ሳጥኖች አሉ። አንዱ የሻጩን ኢሜይል፣ ሌላው የዕቃውን ስም፣ ሌላው ዋጋውን፣ ሌላው ዶላር ይሁን ዩሮ የሚለውን ይይዛል። ገዢው ሲጫን ፎርሙ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ፔይፓል ገጽ ላይ ይደርሳል፣ ክፍያው እዚያ ያልቃል፣ ሰውየውም ወደ መጣበት ይመለሳል። የራስ ሰርቨር (ድረ ገጹን የሚያሠራ ኮምፒውተር) አያስፈልግ፣ ፕሮግራመር አያስፈልግ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የሀበሻ ቤተ ክርስቲያኖችና ማኅበራት መዋጮና አስራት ለመሰብሰብ እንዲህ ዓይነቱን በተን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ብዙ ጊዜ ከሥራ መልስ በነጻ የሚያግዝ አንድ ልጅ ስለሆነ።

ቀላልነቱ ግን ቀዳዳ አለው። ዋጋው የተጻፈው ገጹ ላይ ነው፣ ገጹ ደግሞ ያለው ገዢው ብራውዘር ውስጥ ነው። ገጹ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጎ «ኢንስፔክት» የሚለውን የከፈተ ሰው 500 የሚለውን ቁጥር 5 አድርጎ በተኑን መጫን ይችላል። ክፍያ ድርጅቱም 5 ዶላር ጠይቆ፣ 5 ዶላር ተቀብሎ፣ «ክፍያው ተሳክቷል» ይላል። አልዋሸም እኮ። ለዚህ ፔይፓል ያመጣው አንዱ መላ ዋጋውን ራሱ ዘንድ ማስቀመጥ ነው፤ ገጹ ላይ የሚቀረው የበተኑ መለያ ቁጥር ብቻ ይሆናል። ለልገሳ በተን ይህ ሁሉ አያስጨንቅም። ሰጪው የፈለገውን ይስጥ።

አሁን በብዛት ያለው ፎርም ሳይሆን ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ኮድ ነው። አንድ መስመር የፔይፓልን ስክሪፕት ይጠራል፣ ሌላው በተኑ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል፣ በተኑን የሚስለው ስክሪፕቱ ራሱ ነው። 2010 ላይ በአየርላንዳውያኑ ወንድማማቾች ፓትሪክና ጆን ኮሊሰን የተመሠረተው የክፍያ ድርጅት ስትራይፕም እንዲሁ የሚለጠፍ የግዢ በተን አለው። የስትራይፕ የካርድ ሳጥን ገጹ ላይ ሲታይ የሻጩ ይመስላል እንጂ አይፍሬም በሚባል መስኮት የመጣ የስትራይፕ ገጽ ነው። ሻጩ ውስጡ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። ለሻጩም እፎይታ ነው፤ የካርድ ድርጅቶቹ 2004 ላይ ያወጡት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለ የደኅንነት መስፈርት የካርድ ቁጥር በሰርቨሩ ለሚያልፍ ሰው ሸክሙ ብዙ ነው፣ ለማያልፍበት ግን በጣም ይቀላል።

ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት አይከፍትም። አገር ቤት ያለ ሻጭ በተኑን የሚያገኘው ከአገር ውስጥ ጌትዌይ፣ ማለትም ክፍያ ከሚያቀባብል ድርጅት ነው። ብሔራዊ ባንክ 2020 ላይ ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች የክፍያውን ሥራ ከፈተ፣ ቴሌብር 2021 ላይ ጀመረ፣ ኤምፔሳ 2023 ላይ ተከተለ፣ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ የመሳሰሉት ደግሞ ሻጩን ከነዚህ ጋር ያገናኛሉ። የቻፓ ኤችቲኤምኤል ፎርም የድሮውን ፔይፓል የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ የተደበቁ ሳጥኖች፣ ይፋዊ ቁልፍ (ድርጅቱ ሻጩን የሚለይበት ኮድ)፣ የብር መጠን፣ ኢሜይል፣ መመለሻ አድራሻ። አንዱ ሳጥን ግን ጉድ ይሠራል። የግብይት መለያው ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ መሆን አለበት። የቻፓን ምሳሌ እንዳለ ኮፒ አድርጎ የለጠፈ ሰው የመጀመሪያው ደንበኛ ሲከፍል ደስ ይለዋል፣ ሁለተኛው ሲሞክር መለያው ከዚህ በፊት ተሠርቶበታል ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አዲስ መለያ የሚያወጣ ትንሽ ኮድ ያስፈልጋል።

ቁልፎቹ ሁለት ናቸው። ይፋዊው ገጹ ላይ ቢታይ ችግር የለውም። ሚስጥራዊው ገጹ ላይ ከወጣ ግን አለቀልህ በለው፣ ወዲያው መቀየር ነው።

ዋናው ጣጣ ማረጋገጡ ላይ ነው። ብዙ ድረ ገጽ ከፋዩ ሲመለስ የሚያርፍበትን «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ እንደ ደረሰኝ ይቆጥራል። ያንን አድራሻ ብራውዘሩ ላይ በእጁ የጻፈ ሁሉ ግን ሳይከፍል እዚያው ይደርሳል። ተቃራኒውም አለ። ሰውየው ስልኩ ላይ ፒኑን አስገብቶ፣ ብሩ ከቴሌብሩ ወጥቶ፣ በዚያችው ሰከንድ ኔትወርክ ጥርግ ቢልስ? ከፍሏል፣ ድረ ገጹ ግን አያውቅም። ለዚህ ነው ዌብሁክ የሚባለው ነገር ያለው። ክፍያ ድርጅቱ በከፋዩ ብራውዘር ሳያልፍ ቀጥታ ለሻጩ ሰርቨር መልእክት ይልካል። ሻጩም ዝም ብሎ አያምንም፤ በሚስጥራዊ ቁልፉ መልሶ ይጠይቃል፣ መለያውን፣ መጠኑንና ገንዘቡ ብር መሆኑን ያመሳክራል። ያ 500ን 5 ያደረገው ሰው የሚያዘውም እዚህ ጋ ነው። አንድ መልእክት ሁለቴ ሊመጣ እንደሚችልም ማሰብ ነው፣ አለዚያ አንድ ጫማ ለገዛ ሁለት ጫማ ይላካል።

ይሄ ሁሉ ለማን ነው? በሳምንት አምስት ኬክ የሚሸጥ ሰው በተን አያስፈልገውም። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይለጥፋል፣ ገዢው የከፈለበትን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል፣ እሱ ብሩ መግባቱን አካውንቱ ላይ ያያል። ስክሪንሾቱን ብቻ አይቶ ዕቃ የሚሰጥ ግን ይበላል፤ ስክሪንሾት ማስመሰል የደቂቃ ሥራ ነው። በተኑ ዋጋ የሚኖረው ትዕዛዙ ሲበዛና ሰው ተኝቶም ገጹ ሲሸጥ ነው።

መለጠፉም ሁልጊዜ አይሰምርም። ድረ ገጽ መሥሪያው ዊክስ የተለጠፈ ኮድን አይፍሬም ውስጥ ስለሚከተው የክፍያው ገጽ እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ አልከፈትም ሊል ይችላል፤ ፎርሙ በአዲስ ታብ እንዲከፈት ማድረግ ነው መላው። ኮሚሽኑንም አስቀድሞ ማስላት ደግ ነው። የስትራይፕ መደበኛ ዋጋ አሜሪካ ውስጥ 2.9 በመቶ ሲደመር 30 ሳንቲም ነው። ከ100 ዶላር 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይቆረጣል፣ ብዙም አያምም። ከ1 ዶላር ልገሳ ግን 33 ሳንቲም፣ ሲሶው ሄደ ማለት ነው።

ከመልቀቅ በፊት በሙከራ ቁልፍ መሞከር የግድ ነው፣ እውነተኛ ገንዘብ አይንቀሳቀስም። ስትራይፕ ላይ 4242 እየተደጋገመ 16 አኃዝ እስኪሞላ የሚጻፍ የሙከራ ካርድ አለ፣ ቁጥሩን ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ገጹ ለሕዝብ ሲከፈት የሙከራውን ቁልፍ በእውነተኛው ሳይቀይር የረሳ ሰው ታዲያ የእውነተኛ ደንበኞቹ ካርድ ሁሉ እምቢ ይላል፣ 4242 የጻፈ ግን በነጻ ይሸምታል።