በድሬዳዋ ፕላስቲክን በትንሽ ብዛት በኢንጀክሽን ማምረት፦ ሥራውና ወጪው

ኢንጀክሽን ፍሬ ፍሬ ሆኖ የሚመጣ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃን አቅልጦ በከፍተኛ ግፊት ሞልድ (የዕቃው ቅርጽ የተቆረጠበት ማቀፊያ) ውስጥ በመጨመቅ ዕቃ የሚወጣበት ሥራ ነው። የጀሪካን ክዳን፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ፣ አብዛኛው የባጃጅ ፕላስቲክ መለዋወጫ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከጥቂት መቶ እስከ አሥር ሺህ ፍሬ ለሚያዝ ሰውም ሊያዋጣ ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ሞልዱ ሳይቆረጥ መሠራት አለበት።

ወጪው ከአራት ነገር ይመጣል፦ ከሞልድ፣ ከማሽን ዝግጅት፣ ከጥሬ ዕቃና ከማሽን ሰዓት። ለማሳያ ያህል ሞልዱ 300,000 ብር፣ ዝግጅቱ 6,000 ብር፣ ጥሬ ዕቃው በኪሎ 200 ብር፣ ማሽኑ ከነኦፕሬተሩ በሰዓት 1,200 ብር ነው እንበል። 25 ግራም የሚመዝን ክዳን የ5 ብር ጥሬ ዕቃ ይበላል። አንድ ዙር (ሞልዱ ተዘግቶ፣ ተሞልቶ፣ ዕቃው ቀዝቅዞ እስኪወጣ ያለው ጊዜ) 40 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 90 ፍሬ ይወጣል፤ የማሽኑ ድርሻ 13 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆናል። 500 ፍሬ ብቻ ከታዘዘ አንዱ 630 ብር ገደማ ይፈጃል፤ 5,000 ከሆነ ወደ 80 ብር፣ 20,000 ከሆነ ወደ 34 ብር ይወርዳል። በጥሬ ዕቃ ዋጋ ላይ ተከራክሮ በኪሎ 20 ብር ማስቀነስ በአንድ ክዳን የሚያተርፈው 50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በትንሽ ትእዛዝ ገንዘቡ የሚድነው ሞልዱ ላይ ነው።

ለጥቂት ሺህ ፍሬ የአልሙኒየም ሞልድ ይበቃል፤ ቶሎ ይቆረጣል፣ ሙቀትም ቶሎ ያስወጣል። መቶ ሺዎችን ለማውጣት ግን የሞልድ ብረት ያስፈልጋል። የዕቃው ግድግዳ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዘመም ካላለ ዕቃው ሞልዱ ላይ ይነክሳል፣ ሲወጣም ይጫራል። ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ሞልዱ ላይ ተንሸራታች ክፍል ታስጨምራለች፤ በትንሽ ትእዛዝ በእጅ የሚገባና የሚወጣ ቁራጭ መጠቀም ዙሩን ቢያረዝምም ሞልዱን ያረክሰዋል። ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ) ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል፣ ኤቢኤስ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ግን ከ0.4 እስከ 0.7 በመቶ ብቻ ነው። በመሆኑም ለአንዱ የተቆረጠ ሞልድ ለሌላው ልክ አይሰጥም፤ ጥሬ ዕቃው ከቶርኖና ከፍሬዛ ሥራው በፊት ይወሰን።

ውፍረት ችላ የሚባል ግን ብዙ የሚያስከፍል ነገር ነው። የማቀዝቀዣው ጊዜ በውፍረቱ ካሬ ያድጋል፤ ግድግዳው ከ2 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ለጥንካሬ ከማወፈር ይልቅ ከግድግዳው ኋላ ቀጭን የድጋፍ መስመር ማውጣት ይሻላል፤ የድጋፉ ውፍረት ከግድግዳው 60 በመቶ ካለፈ ግን ፊቱ ላይ ሥርጉድ ይታያል።

በድሬዳዋ ትልቁ ፈተና ውኃው ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የማቀዝቀዣ ውኃ በሚያልፍባቸው የሞልዱ ቀጫጭን ቀዳዳዎችም ይጋገርና ሙቀት እንዳይወጣ ያግዳል። ኦፕሬተሩ ክዳኑ ሲጣመምበት የማቀዝቀዣ ሰከንድ ይጨምራል። ዙሩ ከ40 ወደ 50 ሰከንድ ሲረዝም ከላይ በተሰላው ክዳን ላይ 3 ብር ከ33 ሳንቲም ይጨመራል፤ ምክንያቱንም ማንም ሳያውቀው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። መፍትሔው የለሰለሰ (ኖራው የወጣለት) ውኃ በዝግ መስመር በቺለር (ውኃ በሚያቀዘቅዝ ማሽን) እያዞሩ መጠቀምና ቀዳዳዎቹን በየጊዜው በቀላል አሲድ ማጠብ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ያለ ቺለር ዙሩን ማሳጠር ይከብዳል።

መብራት ሲቋረጥ ፕላስቲኩ ባሬሉ (የሚቀልጥበት የማሽኑ ቱቦ) ውስጥ ይረጋል። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም የማሞቂያ ቀጠናዎች የተሰጣቸው ሙቀት ላይ ደርሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ ስክሩን (ባሬሉ ውስጥ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ጥምዝምዝ ዘንግ) ማዞር ስክሩን ወይም ጫፉ ላይ ያለውን ቫልቭ ይሰብራል። ፒቪሲ ከሆነ ደግሞ ጋል ብሎ መቆየቱ ራሱ አደጋ ነው፤ ይቃጠላል፣ ብረት የሚበላ ጋዝም ያወጣል። ጄኔሬተር ወይም ባሬሉን ቶሎ የሚያጸዳ ፈጣን እጅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ የሚመረጠው በመዝጊያ ጉልበቱ፣ ማለትም ሞልዱን ዘግቶ በሚይዝበት ኃይል ነው። ለፒፒ በዕቃው ፊት ስፋት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.3 እስከ 0.5 ቶን ይታሰባል፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክዳን 50 ቶን ይበቃል። ጉልበቱ ካነሰ በሞልዱ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል። ከመጠን ያለፈ ትልቅ ማሽንም አይበጅም፤ ጥሬ ዕቃው ባሬል ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ ይበላሻል። ኤቢኤስ በ80 ዲግሪ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ካልደረቀ ፊቱ ላይ ብርማ ቀለም ያለው መስመር ያወጣል፤ ፒፒ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማድረቅ አያሻውም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ ድሬዳዋ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት፤ ነፃ የንግድ ቀጣናም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አላት። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ የወደቡ ቅርበት በኮንቴይነር ለሚያስመጣ ይጠቅማል፤ በ25 ኪሎ ከረጢት ከአስመጪ ለሚገዛ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከዚያ ይልቅ አንድ ዓይነት ቀለም የሚያዙ ደንበኞች ተራቸውን ቢያገጣጥሙ ባሬል ለማጽዳት የሚባክነው ጥሬ ዕቃና ጊዜ ይተርፋል።

ሞልዱ የማን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ በውል ይጻፍ። ምርቱ ሲያልቅ በሞልዱ ቀዳዳዎች የቀረው ውኃ በአየር ተነፍቶ ይወጣል፣ ፊቱ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ በመጨረሻ የወጣው ፍሬ ከሙቀት፣ ከግፊትና ከሰከንድ መዝገቡ ጋር አብሮ ይታሰራል። ቀጣዩ ትእዛዝ ሲመጣ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ነው።