ባንኩ የቆረጠብን ቅጣት ይመለሳል? ስለ ዳይሬክት ዴቢትና ቤኔፊት በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ብሪታንያ ውስጥ በቤኔፊት፣ ማለትም በመንግሥት ድጎማ የሚኖር ሰው ይህን ጣጣ ያውቀዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው ወርሃዊ ቤኔፊት የሚገባው በ19 ነው እንበል። የስልኩ ዳይሬክት ዴቢት፣ ኩባንያው ራሱ ከአካውንቱ የሚወስደው ክፍያ፣ ግን በ17 ይመጣል። አካውንቱ ባዶ ስለሆነ ባንኩ ክፍያውን ሳይከፍል ይመልሰዋል። አንዳንድ ባንክ ለመለሰበት ያስከፍላል፤ የስልክ ኩባንያውም የራሱን ቅጣት ይጨምራል። በ19 ገንዘቡ ሲገባ ቅጣቱ ከላዩ ላይ ይነሳና የሚቀጥለው ወር ገና ሳይጀምር ይጎድላል።

በዚህ ጉዳይ በእኛ ሰው መካከል የሚነገረው ምክር ብዙ ነው። አንዱ «ተወው፣ ባንክን ማን ያሸንፋል» ይላል። ሌላው «ሕጉ ይከለክላቸዋል፣ አንድ ደብዳቤ ብቻ ጻፍ» ይላል። ሁለቱም ሰው ገንዘቡን እንዲያጣ ያደርጋሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቤኔፊት በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ባንክ ሊነካው አይችልም»

ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ነው። መነሻ አለው። የ1992 የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 187 ቤኔፊትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም በመያዣነት መስጠት ዋጋ የለውም ይላል። ከዚህ ተነስተው ሰዎች የተዘጋጀ ደብዳቤ ያወርዳሉ፣ ስማቸውን ይሞሉና ይልካሉ። ከዚያ ባንኩ እንቢ ሲላቸው ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ይተዉታል።

ባንኮች የሚመልሱት ሁልጊዜ አንድ ነው። ገንዘቡ አካውንት ውስጥ ከገባ በኋላ እንደማንኛውም ገንዘብ ነው፣ ቅጣቱም በውላችን መሠረት ነው ይላሉ። ቅሬታ የሚመረምረው ፋይናንሻል ኦምቡድስማንም ይህ አንቀጽ ባንኩን ከመቁረጥ ያግደዋል ብሎ አይቀበልም። ስለዚህ ደብዳቤያችሁን በአንቀጽ 187 ላይ አትገንቡ። ትክክለኛ አቤቱታ ያለው ሰው በደካማ ክርክር ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል።

በዚህ ፈንታ የዕዳ አማካሪዎች የሚያውቁት አንድ የቆየ መብት አለ። ገንዘባችሁ ከመግባቱ በፊት ለምን እንዲውል ባንኩን በጽሑፍ ማዘዝ ትችላላችሁ። «በዚህ ቀን ይህን ያህል ገንዘብ ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉ ለቤት ኪራይ፣ ይህን ያህሉ ለምግብ፣ ይህን ያህሉ ለመብራት ይዋል» ብላችሁ ቀንና መጠን ትጠቅሳላችሁ። ከዚያ ባንኩ እነዚህን አስቀድሞ ቅጣቱን ወደ ኋላ ማድረግ አለበት። ትእዛዙ ለየክፍያው መታደስ አለበት፣ ቀድሞ የተቆረጠውንም አይመልስም። ግን ልጆች ያሏትን እናት ከባዶ ፍሪጅ ሊያድናት ይችላል።

«ቅጣቱ ሕገወጥ ስለሆነ ሁሉም ይመለሳል»

ይህኛው ከ2006 እና ከ2007 የተረፈ ወሬ ነው። ያን ጊዜ ባንኮች ለአንድ የተመለሰ ክፍያ 30 ፓውንድና ከዚያም በላይ ይቆርጡ ነበር። ብዙ ሺህ ሰዎች ጠይቀው አስመልሰዋል። ነገር ግን በኅዳር 2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባንኮቹ ወሰነ። የቅጣቱ ዋጋ ፍትሐዊነት ሰዎች በተመኩበት የሸማቾች ደንብ ሊመረመር አይችልም አለ። በጅምላ ማስመለስ ያኔ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ግን ሁኔታው ተሻሽሏል። የባንኮች ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍሲኤ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ለተመለሰ ክፍያ የሚጠየቀው ገንዘብ ባንኩ ላይ ከደረሰው ወጪ ጋር መመጣጠን አለበት ብሏል። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ደግሞ በኦቨርድራፍት (ከአካውንቱ በላይ ባንኩ በሚያበድረው ገንዘብ) ላይ የቀንና የወር ቋሚ ቅጣት ተከልክሏል። ብዙ ባንኮች የተመለሰ ክፍያ ቅጣትን ጨርሰው ትተውታል፤ የቀሩትም ቀንሰዋል። ዛሬም ትልቅ ቅጣት ከተቆረጠባችሁ ባንኩን ወጪው እንዴት ይህን ያህል እንደሆነ ጠይቁት።

«እንግዲያው ምንም ማድረግ አይቻልም»

ይቻላል። የ2009ኙ ውሳኔ የዘጋው አንድ በር ነው፤ የችግረኛው በር ክፍት ነው። ባንክ የገንዘብ ችግር ውስጥ የገባን ደንበኛ በአግባቡ የማስተናገድ ግዴታ አለበት። ከሐምሌ 2023 ጀምሮም ደንበኛው ላይ አስቀድሞ ሊታይ የሚችል ጉዳት እንዳያደርስ የሚያስገድድ ደንብ ተጨምሯል።

ዋናው ነገር ባንኩ ችግራችሁን ማወቁ ነው። ካላወቀ እሱን መጠየቅ ይከብዳል። ነግራችሁት፣ አውቆ፣ ቅጣቱን ከቀጠለ ግን ኦምቡድስማኑ ካወቀበት ቀን ጀምሮ የቆረጠውን መልስ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምትጽፉት ደብዳቤ ዛሬ ባይሳካም ለነገ ማስረጃ ነው። የእኛ ሰው በይሉኝታ ችግሩን ደብቆ «ሁሉም ደህና ነው» ሲል የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እያንዳንዱ ቅጣት መቼና ስንት እንደተቆረጠ ዘርዝሩ። በዩኒቨርሳል ክሬዲት እንደምትኖሩ፣ በወር ስንት እንደሚገባና ለምን እንደሚወጣ ጻፉ። ቅጣቱ ምን እንዳሳጣችሁ ተናገሩ፦ የልጅ የትምህርት ቤት ጫማ፣ የመብራት ካርድ፣ ምንም ይሁን። «ፋይናንሻል ሃርድሺፕ ላይ ነኝ» የሚለውን አባባል በግልጽ አስገቡ፤ ባንኮች ለይተው የሚያዩት ይህንን ነው። በመጨረሻ የምትፈልጉትን ጠይቁ፦ የተቆረጠው እንዲመለስና ከዚህ በኋላ እንዲቆም። የዩኒቨርሳል ክሬዲት መግለጫና የባንክ ስቴትመንት አያይዙ። በስልክ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ያዙ። ልጅን ለዚህ ማስተርጎም ጥሩ አይደለም፤ የወላጁን ዕዳ ልጅ መሸከም የለበትም።

ባንኩ ለአብዛኛው ቅሬታ በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ክፍያን በቀጥታ የሚመለከት ከሆነ በተለምዶ 15 የሥራ ቀን ነው። እንቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ወደ ኦምቡድስማን ትሄዳላችሁ። ከባንኩ የመጨረሻ መልስ በኋላ 6 ወር አላችሁ፤ ያ ጊዜ እንዳያልፍ።

«ለድርጅት ከፍሎ ማስጠየቅ ይሻላል»

አይሻልም። ኦምቡድስማን በነጻ ነው፣ ምክር የሚሰጡት ሲቲዝንስ አድቫይስና ስቴፕቼንጅም በነጻ ናቸው። ካሳ አስመላሽ ድርጅቶች ከ1,500 ፓውንድ በታች ከሚመለስላችሁ ገንዘብ እስከ 30 በመቶ መውሰድ ይችላሉ። ደብዳቤው ደግሞ እናንተ ከምትጽፉት አይለይም።

«ዳይሬክት ዴቢት ጋራንቲ ስላለ ባንኩ ይመልስልኛል»

ጋራንቲው የሚሸፍነው ስህተትን ነው። ኩባንያው ከተስማማችሁት ቀን በፊት ወይም ከመጠኑ በላይ ከወሰደ ባንኩ ሙሉውን ወዲያው ይመልሳል። የቀንና የመጠን ለውጥ ሲኖርም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ 10 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ስህተት ምክንያት ሌላ ቅጣት ከደረሰባችሁ ኩባንያውን እንዲከፍል ጠይቁ። አካውንቱ ባዶ ስለነበር ለተመለሰ ክፍያ ግን ጋራንቲው አይሠራም። ለእቁብ በየወሩ የምትልኩት ስታንዲንግ ኦርደርም (ባንኩ በየጊዜው እንዲልክ የምታዙት ቋሚ ክፍያ) በዚህ ጋራንቲ ውስጥ የለም፤ እሱን ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ።

«ዳይሬክት ዴቢቱን ከባንክ ካጠፋሁት ዕዳው ቀረ»

አልቀረም። የቆመው የክፍያው መንገድ ነው። ቢሉ እንዳለ ነው፣ ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) ከሆነማ ጣጣው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሚሻለው ኩባንያው ጋር ደውሎ ቀኑን ማስቀየር ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት በየወሩ በአንድ ቀን ይገባል፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን ይገባል። ስለዚህ ክፍያችሁን ከዚያ ቀን ሁለት ሦስት ቀን በኋላ አድርጉት። ብዙ ባንኮች ጠዋት ገንዘብ ካጡ ከሰዓት በኋላ ደግመው ስለሚሞክሩ፣ በዚያው ቀን ገንዘብ ማስገባት ከቻላችሁ ክፍያው ሊያልፍ ይችላል።

«አከራዬም ቅጣት መጠየቅ ይችላል»

እንግሊዝ ውስጥ የግል አከራይ ክፍያው ስለተመለሰ ብቻ ቅጣት መጣል አይፈቀድለትም። ኪራዩ 14 ቀን ካለፈው በኋላ የተወሰነ ወለድ ብቻ ነው መጠየቅ የሚችለው፣ ያም በውሉ ላይ ከተጻፈ።

«ቤኔፊት ላይ ስለሆንኩ ሌላ ባንክ አይቀበለኝም»

በሕግ የተመደቡ ትልልቅ ባንኮች ቤዚክ አካውንት የሚባለውን ቀላል አካውንት የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ኦቨርድራፍት የለውም፣ ለተመለሰ ዳይሬክት ዴቢትም ቅጣት የለውም። ወረቀቱን ገና ያገኘ ስደተኛም፣ ዕዳ ያለበትም ሰው መጠየቅ ይችላል። ባንኮቹ ራሳቸው ብዙ አያስተዋውቁትም፤ ስለዚህ «ቤዚክ አካውንት» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ያላችሁን አካውንት ወደዚህ እንዲቀይሩላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ያላችሁበት ባንክ ዕዳ ካለባችሁ ግን ሌላ ባንክ መምረጥ ይሻላል። ባንክ ከአንድ አካውንታችሁ ወስዶ እዚያው ያለባችሁን ሌላ ዕዳ የመክፈል መብት አለውና። አዲሱን ቁጥር በዩኒቨርሳል ክሬዲት ኦንላይን አካውንታችሁ ላይ ቀይሩ፤ የመጀመሪያው ክፍያ አዲሱ አካውንት ውስጥ መግባቱን ሳታዩ አሮጌውን አትዝጉ።