ትሬይል ሩጫና ሃይኪንግ፦ ልምምድ፣ ስንቅና የተራራ መንገድ

ትሬይል ሩጫ ከአስፋልትና ከመም ወጥቶ በጫካ፣ በሜዳ፣ በኮረኮንችና በተራራ የእግር መንገድ ላይ የሚካሄድ ሩጫ ነው። ሃይኪንግ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ በእርምጃ የሚደረግ ጉዞ ሲሆን ከግማሽ ቀን ሽርሽር እስከ ወራት የሚዘልቅ ጉዞ ይደርሳል። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ ተለያዩ ስፖርቶች ያያቸዋል። ዳገቱ ሲበረታ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል፤ የዓለም ምርጥ የተራራ ሯጮች መዳፋቸውን ታፋቸው ላይ አድርገው ወይም ምርኩዝ ይዘው ይራመዳሉ፤ ተጓዡም ለስላሳ ቁልቁለት ሲያገኝ ሳይታወቀው ሶምሶማ ይጀምራል። ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ ተራራ ላይ ከኪሎ ሜትር ይልቅ የሚቆጠረው ሰዓትና አቀበት ነው። ልምምዱም፣ ስንቁም፣ ጥንቃቄውም የሚነሳው ከዚህ ነው።

አመጣጥ

በተራራ ላይ በእግር መፎካከር የቆየ ነገር ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በስዊዘርላንድ ከሲየር ተነስቶ ዚናል የሚደርሰው፣ 31 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2,200 ሜትር ገደማ አቀበት ያለው ውድድር ተጀመረ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ጎርዲ አይንስሌይ የተባለ ሰው፣ ፈረሰኞች 100 ማይል በአንድ ቀን ለመጨረስ በሚፎካከሩበት ውድድር ላይ ያለ ፈረስ ቀረበና በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጨረሰ። ዌስተርን ስቴትስ የተባለው የ100 ማይል ሩጫ መነሻው ይህ ነው። በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን የሚያካልለው፣ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 10,000 ሜትር ገደማ አቀበት ያለው ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ትሬይል ሩጫን እ.ኤ.አ. በ2015 በይፋ ተቀበለ፤ የተራራና የትሬይል ሩጫን ያጣመረው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 በታይላንድ ቺያንግ ማይ ተካሄደ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊቷ ኮርትኒ ዶዋልተር ዌስተርን ስቴትስን፣ በኮሎራዶ ተራሮች የሚካሄደውን የ100 ማይል ሩጫ ሃርድሮክንና የሞን ብላኑን ውድድር በአንድ በጋ አሸነፈች። ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ ወንድም ሴትም አልነበረም።

የረጅም እግር ጉዞ ታሪክ ከዚህ ይቀድማል። ቤንተን ማካይ በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ላይ አንድ ያልተቋረጠ የእግር መንገድ እንዲዘረጋ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአፓላቺያን መንገድ በ1937 ተጠናቀቀ። በ1948 ኧርል ሼፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉዞ መጨረሱን ባስታወቀ ጊዜ ብዙዎች ማመን ከብዷቸው ነበር።

ርቀት እንዴት ይለካል?

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት እስካሁን ይሠራል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዛል፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር አቀበት ያለው ጉዞ፣ ዕረፍትን ሳይጨምር አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ማለት ነው። ሯጮች ደግሞ በየ100 ሜትር አቀበቱ አንድ ኪሎ ሜትር በርቀቱ ላይ ይደምራሉ። በዚህ ስሌት 2,000 ሜትር አቀበት ያለው 30 ኪሎ ሜትር እንደ 50 ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ጀማሪ መንገድ ሲመርጥ ከርቀቱ በፊት ይህን ቁጥር ቢያይ ከብዙ ችግር ይድናል።

ልምምድ

አብዛኛው ልምምድ ቀላል መሆን አለበት፤ ቀላል ማለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር የሚያስችል ፍጥነት ነው። ልብ፣ የደም ሥሮችና የጡንቻ ሕዋሳት ለረጅም ጉዞ የሚዘጋጁት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ጅማትና አጥንት ከሳንባ ዘግይተው ስለሚጠነክሩም ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ፣ አንድ የዳገት ልምምድ፣ የቀረው ቀላል ሩጫ ወይም እርምጃ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ረጅሙን ጉዞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ማቀድ ይሻላል። ለሁለት ሰዓት የወጣ ሰው መንገዱ ጭቃ ቢሆን ወይም ዳገቱ ቢበረታ ያሰበውን ልምምድ ሠርቶ ይመለሳል።

ዳገት ላይ መራመድ የደካማ ምልክት አይደለም። በጣም ቀጥ ባለ ዳገት ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚራመድ ሰው ከሚሮጠው ያነሰ ጉልበት ያወጣል። ፈጣን የዳገት እርምጃ ራሱን የቻለ ችሎታ ስለሆነ ለብቻው መለማመድ ይገባል። እርምጃው አጭር ይሁን፤ ጀርባ ሳይጎብጥ ከዳሌ በኩል ወደ ፊት ማዘንበል ይረዳል፤ ምርኩዝ ያለው ሰው የሸክሙን ከፊል ለክንዱና ለትከሻው ያካፍላል።

ሰዎችን የሚጥለው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ በቂ ትኩረት የማይሰጠውም እርሱ ነው። ቁልቁል ስንወርድ የፊት ታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይገታል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ለትንፋሽ ቀላል ነው፤ የጡንቻ ጭረቶችን ግን በጥቃቅኑ ይጎዳል። ሕመሙ የሚሰማው ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ደረጃ መውረድ እንኳ የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ በፍጥነት መማሩ ነው። አንድ መጠነኛ የቁልቁለት ልምምድ ለቀጣዮቹ ሳምንታት ጡንቻን ከተመሳሳይ ጉዳት ይከላከላል። ስለዚህ ከታላቁ ጉዞ ሦስትና አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ቁልቁለት መሮጥ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠርና ማፍጠን፣ ወደ ኋላ አለመለጠጥ፣ ዓይንን ከጫማ ጫፍ አንስቶ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ወደ ኋላ የሚለጠጥ ሰው ተረከዙን ተክሎ ፍሬን ይይዛል፤ ይህ ታፋን ያደክማል፣ ያንሸራትታልም። ጉልበትን በመቆጠብ ረገድ ለሩጫ የሚመቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ መውረዱ ራሱ መልሶ ጉልበት ይበላል።

በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ ማለትና በእግር ጣቶች ላይ ከፍ ዝቅ ማለት ቁርጭምጭሚትንና ባትን ያጠነክራሉ። ሸክም ተሸክሞ ለቀናት የሚጓዝ ሰው ደግሞ የቦርሳውን ክብደት ቀስ በቀስ እየጨመረ ይለማመድ።

ስንቅ

ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ በአማካይ 500 ግራም ገደማ፣ በጉልበት ሲሰላ 2,000 ካሎሪ አካባቢ ነው። የስብ ክምችት ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ስብ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሰውነት ካርቦሃይድሬት ይመርጣል፤ ግላይኮጅን ሲያልቅ እግር ይከብዳል፣ ሐሳብ ይበታተናል፣ ሰው ያለ ምክንያት ይከፋዋል። በተራራ ላይ ድንገት ተስፋ መቁረጥ የመጣበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ምግብ ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚቆይ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ እስከ 90 ግራም ሊደርስ ይችላል። ከፍተኛው መጠን የራሱ ሁኔታ አለው። አንጀት ግሉኮስን የሚያስገባበት በር በሰዓት 60 ግራም ገደማ ላይ ይሞላል፤ ፍሩክቶስ ግን በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው የበለጠ ይወስዳል። ማር፣ ተምርና ሙዝ ሁለቱንም ይዘዋል፤ የተዘጋጁ ጄሎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። 60 ግራም ለማግኘት ሁለት ትልልቅ ሙዞች ይበቃሉ።

ጨጓራም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። በሩጫ ጊዜ ደም ከአንጀት ወደ ሚሠራው ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ፣ ከዚያም ላይ መናወጡና ሙቀቱ ሲጨመር፣ ያልለመደ ሆድ ይታወካል። መፍትሔው በረጅም ልምምዶች ላይ ከትንሽ ጀምሮ እየጨመሩ መብላት፣ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አለመሞከር፣ ሳይራቡ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መቅመስ ነው። ከብዙ ሰዓት በኋላ ጣፋጭ ነገር አፍ ያስጠላል፤ የተቀቀለ ድንች ከጨው ጋር፣ ሾርባ ወይም ሩዝ ያኔ ያድናሉ። በእርምጃ የሚጓዝ ሰው ጨጓራው ብዙም ስለማይናወጥ ለውዝ፣ አይብና ዳቦ ያለ ችግር ይበላል። ለቀናት ስንቅ ለሚሸከም ሰው ስብ ያለው ምግብ ይጠቅማል፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው 4 ነው።

ውሃን በተመለከተ ጥማትን መከተል ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው። ከሚያልበው በላይ የሚጠጣ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ሁኔታው ሊገድል ይችላል፤ ከውሃ ጥም ምልክት ጋር ተምታቶ ተጨማሪ ውሃ መስጠት ደግሞ ያባብሰዋል። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ መጣራት ወይም መፍላት አለበት፤ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል።

መሣሪያ

ጫማው መሬት የሚቧጥጥ ጥርስ ያለው ሶል ይኑረው፤ ለደረቅ መንገድ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል፤ ለጭቃ ከዚያ ይርዘም። ቁልቁል ሲወረድ ጣት ወደ ፊት ስለሚገፋ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተው። ካልሲ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ እግር ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል።

አየር፣ ከፍታና ደኅንነት

በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል፤ ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲጨመሩበት ደግሞ ሰውነት ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2021 በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ በድንገት መጣ። ከ172 ተወዳዳሪዎች 21ዱ ሞቱ፤ ከሟቾቹም አገሪቱ ካሏት ጠንካራ ሯጮች አንዱ የነበረው ሊያንግ ጂንግ ይገኝበታል። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት መያዝ በውድድሩ ግዴታ አልነበረም። አቅራቢያው የነበረ አንድ እረኛ ስድስት ሯጮችን ወደ ዋሻ አስገብቶ በእሳትና በብርድ ልብስ አተረፈ። የዝናብ ጃኬት፣ ሙቀት የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ፣ ፊሽካ፣ የግንባር መብራትና ትርፍ ምግብ ክብደታቸው ጥቂት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም መያዝ አለባቸው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ቢታረፍ ይመከራል። ሚዛን የሳተ፣ የተደናገረ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወዲያውኑ መውረድ አለበት። በመብረቁ ብልጭታና በነጎድጓዱ መካከል ከ30 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ካለ ከጋራ ጫፍ መውረድ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። በአልፕስ ተራሮች የእርዳታ ጥሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ፊሽካ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ዝም ማለትና መድገም ነው።

መንገድ ፍለጋ

የዚህ ስፖርት ትልቁ ደስታ ለእኔ ከውድድር ውጭ ነው፦ ካርታ ዘርግቶ የከፍታ መስመሮችን ማንበብ፣ ሁለት ሸለቆዎችን የሚያገናኝ መንገድ ማግኘት፣ ከዚያ በራስ እግር መሄድ። ካርታው ላይ ተጠጋግተው የተሳሉ መስመሮች ቀጥ ያለ ዳገት፣ የተራራቁት ለጥ ያለ መሬት ያሳያሉ። ስልክ ብርድ ላይ ባትሪው ስለሚደክም የወረቀት ካርታ መያዝ ብልህነት ነው። ከመነሳት በፊት ሁለት ነገሮች ይወሰናሉ፤ የት እንደሚኬድና መቼ እንደሚመለሱ ለቤት ሰው መንገር፣ እንዲሁም ተራራው ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም ወደ ኋላ የሚዞሩበትን ሰዓት መቁረጥ። ሌሊት መሮጥ የሚፈልግ ሰው በሚያውቀው መንገድ ይጀምር፤ በግንባር መብራት የመሬቱ ጥልቀት ስለሚያሳስት ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው።

ጠባብ መንገድ ላይ ወራጁ ለወጪው ይለቃል፤ ሯጭም ተጓዦችን ከኋላ ሲደርስባቸው ቀድሞ ድምፅ ያሰማል። ለመጸዳዳት ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ መቆፈርና መልሶ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ በከረጢት ተይዞ ይመለሳል። መንገዱ በጭቃ ሲሞላም ዳር ዳሩን መርገጥ ሣሩን እየገደለ መንገዱን ስለሚያሰፋው በጭቃው መሃል ማለፍ ይገባል።