«ፈቅዶ ነው» ስንል

አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚወረወረው ማጽናኛ አብዛኛው የመጽሐፍ ቃል ይመስላል። መጽሐፉ ራሱ የሚቃወመው ግን አለበት።

«እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፤ አንድ ነገር ቢያደርግ ነው»

ይህ የኢዮብ ወዳጆች ክርክር ነው። መጨረሻ ላይ (ኢዮብ 42፥7) እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰው ሲሞትም፣ ክርስቶስ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃስ 13፥4)። ጠጥቶ የሚያሽከረክር ቢጋጭ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስህተቱ ነገሩን ገልብጦ «የተጎዳ ሁሉ አጥፍቷል» ማለት ነው። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩት ደግ ነገር 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት መቀመጣቸው ነበር።

«የወላጆቹ ኃጢአት ነው»

ሕዝቅኤል 18፥20 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል፤ በዮሐንስ 9፥3 ክርስቶስ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሏል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት ፊት ይህን የሚል ሰው ሁለቱንም አላነበበም።

«ፈቅዶ ነው፤ እንግዲያው ወዶታል»

ብዙውን ጣጣ ያመጣው ቃሉ ነው። በግዕዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ፈለገ ነው። በአማርኛ ደግሞ «አልከለከለም» ማለትም ሆነ፤ ወረዳው ንግድ ፈቃድ ስለሰጠ ሱቁን እሱ ከፈተው አይባልም። ብዙ መምህራን ሁለቱን ይለያሉ፤ የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን ግን ልዩነቱን አልተቀበለም። «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» ብለን የምንለምነው፣ ምድር ላይ የሚሆነው ሁሉ እሱ የወደደው ስላልሆነ ነው። «መከልከል እየቻለ ለምን ተወው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አይዘጋም፤ መዝሙረ ዳዊትም ደጋግሞ ይጠይቀዋል።

«ክፋትን የፈጠረው እሱ ነው፤ ኢሳይያስ 45፥7 ተጽፏል»

በዕብራይስጡ ያለው ቃል «ራዕ» ነው፤ ክፋትም ጥፋትም መቅሠፍትም ይሆናል። እዚያ ቦታ ከ«ሻሎም»፣ ከሰላም፣ ተቃራኒ ሆኖ ስለገባ መቅሠፍት ማለቱ ነው። ምዕራፉም የሚናገረው ስለ ፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ክፋትን የበጎ ነገር ጉድለት ይለዋል። ለምሳሌ ብል የበላው ጋቢ ላይ ያለው ቀዳዳ በሸማኔ አልተሠራም፣ ጋቢው ከሌለም ቀዳዳ የለም። ብርዱ ግን በቀዳዳው ይገባል፤ ጉድለት ነው ማለት አያምም ማለት አይደለም።

«ነፃ ፈቃድ ሁሉንም ይመልሳል»

ሰው በራሱ ምርጫ የሚያደርገውን፣ ሌብነትንና ጦርነትን፣ ይመልሳል። የመሬት መንቀጥቀጥንና የሕፃን ካንሰርን ግን ብቻውን አይመልስም። ለዚህ አንዳንዱ ፍጥረት ሁሉ በመቃተት ላይ ነው የሚለውን ሮሜ 8፥22 ይጠቅሳል፣ አንዳንዱ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስን ተከትሎ ሰው ገና በማደግ ላይ ያለ ፍጡር ነው ይላል።

«መከራን መቀበል ነው እንጂ መድኃኒት የእምነት ጉድለት ነው»

መጽሐፈ ሲራክ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም የኤችአይቪ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እርስ በርስ እንደማይጋጩ በግልጽ ተናግረዋል። ጸበል ለመግባት ተብሎ ክኒን ሲቋረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ክኒኑን በጸበሉ መዋጥ ይቻላል።