የባቡር ሐዲድ ወሰን ምንድን ነው? የሕዝብ ወንዝ ጋ በእግር መድረስ ሲከለከል

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 9 ላይ፣ ማንም የሚገባው ነገር ተጽፏል። የሚሲሲፒ ወንዝና ወደ እሱ የሚፈሱ፣ ጀልባ የሚሄድባቸው ውሃዎች የጋራ መንገድ ናቸው፤ ለዘላለምም ነጻ ናቸው ይላል። ሐሳቡ ከግዛቱ ራሱ ይቀድማል፤ ከ1787ቱ የሰሜን ምዕራብ አዋጅ የተወረሰ ነው (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1898 ደግሞ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ጥሩ ውሳኔ ሰጠ። አንድ ሰው የግል ክለብ መሬት አቋርጦ በሚያልፍ ወንዝ ላይ በጀልባ ገብቶ ዓሣ በማጥመዱ ክለቡ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ ለዓሣ አጥማጁ ፈረደ። ውሃው ጀልባ እስከወሰደ ድረስ ማጥመድም የሕዝብ መብት ነው አለ።

እንግዲህ ወንዙ የሁሉም ነው። ጣጣው ወንዙ ጋ መድረሱ ላይ ነው። በዊስኮንሲን በኩል ሚሲሲፒን ተከትሎ በሚሄደው 35 ቁጥር መንገድ ላይ መኪናህን ዳር አስይዘህ ብትወርድ ውሃው ይታይሃል። በመሃል ያለው ጠጠር የለበሰ የአፈር ቁልልና ላዩ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ ነው። ያንን መሻገር ሕግ መጣስ ነው። ይህን የሚያደርገው የሐዲድ ወሰን የሚባለው ነገር ነው።

የሐዲድ ወሰን ማለት ብረቱ ብቻ አይደለም። ባቡሩ ከሚሄድበት መስመር ግራና ቀኝ ያለውን፣ ኩባንያው የያዘውን መሬት ሁሉ ያጠቃልላል። ጠጠሩን፣ ቁልሉን፣ የጎርፍ ቦዩን፣ አንዳንዴም ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ የሚታይበትን ባዶ ቦታ ይጨምራል። ስፋቱ እንደየቦታው ይለያያል። በምዕራብ አሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ ለሚሠሩ ሐዲዶች የ1875ቱ ሕግ ከመስመሩ መሃል ወደ ሁለቱም በኩል መቶ መቶ ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ፈቀደ። ከዚያ በፊት የ1862ቱ የፓሲፊክ ባቡር ሕግ የዚህን እጥፍ ሰጥቶ ነበር። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ኩባንያዎቹ በአብዛኛው ከባለመሬቶች እየገዙ ነው የሄዱት፤ ስለዚህ አንዱ ጋ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጋ ጠባብ። ኩባንያው መሬቱን በሙሉ ባለቤትነት ሊይዘው ይችላል፤ ወይም ለባቡር ብቻ የመጠቀም መብት ሊኖረው ይችላል። ለጠበቆች ልዩነቱ ትልቅ ነው። መንጠቆና ባልዲ ይዞ ለቆመ ሰው ግን በሁለቱም መንገድ መልሱ አንድ ነው፤ ማለፍ አይቻልም።

ሐዲድና ወንዝ ለምን እንዲህ ተጣበቁ? ባቡር ዳገት አይወድም። ወንዝ ደግሞ ተራራውን ለሺህ ዓመታት ሲቆርጥ ኖሮ ለጥ ያለ መንገድ ጠርጎ አስቀምጧል። መሐንዲሶቹ እሱን ተከተሉ። ከኒውዮርክ ወደ ኦልባኒ የሚወስደው የሃድሰን ወንዝ ባቡር በ1851 ሲጠናቀቅ የምሥራቁን ዳርቻ ተከትሎ ነው የተዘረጋው። በላይኛው ሚሲሲፒ ደግሞ ወንዙ ከገደል ግርጌ ነው የሚፈሰው። በገደሉና በውሃው መካከል ያለው ጠባብ መሬት የመኪና መንገድና ሐዲድ ብቻ ነው የሚችለው። የዊስኮንሲኑ መስመር በ1880ዎቹ ተሠራ። ዛሬ የቢኤንኤስኤፍ ኩባንያ ነው። በማዶው፣ በሚኒሶታና በአዮዋ በኩል፣ የሌላ ኩባንያ ሐዲድ አለ። ወንዙ በሁለት ሐዲዶች መሃል ተይዟል ማለት ነው።

በ1930ዎቹ መንግሥት ለመርከብ ጉዞ ሲል ወንዙ ላይ ተከታታይ ግድቦች ሠራ። ከግድቦቹ በላይ ያለው ረባዳ መሬት በውሃ ተሞላ። የተኙ ውሃዎች፣ ረግረጎችና ደሴቶች ተፈጠሩ። ብሉጊል የሚባለው ዓሣ፣ ባስና ፓይክ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ብዙው ክፍል በ1924 የተቋቋመው የላይኛው ሚሲሲፒ የዱር እንስሳትና የዓሣ መጠለያ አካል ነው፤ 420 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የፌዴራል መንግሥት ቦታ። ስለዚህ ከሐዲዱ ወዲህ የሕዝብ መኪና መንገድ አለ። ከሐዲዱ ወዲያ የሕዝብ መሬትና የሕዝብ ውሃ አለ። የግሉ መሃል ላይ ያለው ብቻ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ የማጥመድ ደንቡ ነው። በግዛቶቹ ድንበር ላይ ባለው ውሃ የአንዱ ግዛት ፈቃድ ለሌላውም ያገለግላል። ያ ውሃ ከየት እስከ የት ነው ሲባል ደንቡ የሚለካው በሐዲዶቹ ነው፤ በዚህ በኩል ካለው ሐዲድ በዚያ በኩል እስካለው ሐዲድ ድረስ። ፈቃዱን የሰጠህ መንግሥት ውሃህ ከሐዲዱ ይጀምራል ይልሃል። ሐዲዱን ተሻግረህ ብትገኝ የሚቀጣህም ያው መንግሥት ነው።

በቦታው ቆሞ ላየው ደግሞ የባሰ ያበሳጫል። ብርዱ በሚበረታባቸው ወራት የተኙት ውሃዎች ላያቸው በረዶ ይሆናል። ሰዎች መብሻ፣ ትንሽ መቀመጫና ባልዲ በተንሸራታች ጋሪ ጭነው፣ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በረዶው ላይ ይወጣሉ። ቀዳዳ በስተው በአጭር ዘንግ ያጠምዳሉ። ከመኪና መንገዱ ዳር ሆነህ የሰዎቹን ድንኳን ትቆጥራለህ። ርቀቱ ጥቂት አሥር እርምጃ ነው። በመካከል ግን «የግል ይዞታ፣ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሕጉን የሚያከብር ሰው ወደ መኪናው ተመልሶ፣ የተፈቀደ ማቋረጫ ያለበት ቦታ ድረስ ነድቶ፣ ከዚያ በበረዶው ላይ ጋሪውን እየጎተተ ሊመለስ ነው። ዕድሜው ለገፋ ወይም ጉልበቱ ለደከመ ሰው ይህ አይሆንም። ዝም ብሎ የሚሻገረው ደግሞ ቅጣት ወረቀት ይጠብቀዋል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ የዊስኮንሲን ሕግ ሐዲዱን ቀጥ ብሎ ለሚሻገር ሰው ቀዳዳ ነበረው። በሐዲዱ ላይ መሄድ ክልክል ነው፤ ተሻግሮ ማለፍ ግን አያስቀጣም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ያ ቀዳዳ ተዘጋ። ለብዙ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ ሰው እንደ ልማዱ ይሻገር ነበር። የኩባንያው ጥበቃዎች ማስጠንቀቅና መቅጣት ሲጀምሩ ነው ጩኸቱ የተሰማው። ከዚያ ወዲህ የድሮውን መብት የሚመልስ ረቂቅ ሕግ ለግዛቱ ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቧል። አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ደገፉት፤ የባቡር ኩባንያዎች ተቃወሙት።

የኩባንያዎቹን ክርክር አቅልዬ አላየውም። በአሜሪካ በሐዲድ ክልል ያለፈቃድ ገብተው በባቡር የሚሞቱ ሰዎች በዓመት ከ500 ይበልጣሉ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ረጅም የጭነት ባቡር ፍሬን ቢይዝም ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሹፌሩ አይቶህም ምንም ማድረግ አይችልም። ባቡሩ ከብረቱ ወደ ውጭ ግራና ቀኝ አንድ ሜትር ያህል ይወጣል፤ አጠገቡ መቆምም አደገኛ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ዘመናዊ ባቡር ሲመጣ ላይሰማ ይችላል። ጆሮውን በኮፍያ ለሸፈነ ሰው ደግሞ ይብሳል። አደጋ ሲደርስ ክሱም ወደ ኩባንያው ነው የሚሄደው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው። በሐዲዱ መሃል ወይም በዳሩ ርዝመቱን ተከትሎ መሄድ አንድ ነገር ነው። ያ ሰው ለብዙ ደቂቃ አደጋ ውስጥ ነው፤ ጀርባውም ለባቡሩ ሊሆን ይችላል። በድልድይ ላይ ከሆነማ መሸሻም የለውም። ቆሞ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ሁለቱም በኩል ርቆ በሚታይበት ቦታ ቀጥ ብሎ በጥቂት ሰከንድ የሚሻገር ሰው ግን ሌላ ነው። በየከተማው ማቋረጫ በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንደ እኔ እምነት ሕጉ የመጀመሪያውን አጥብቆ ሊከለክል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ቦታ መርጦ ሊፈቅድ ይገባል። የአሁኑ ግን ሁለቱንም በአንድ ገመድ ያስራል።

ይህ ደግሞ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ጀልባ ያለው ሰው ችግር የለበትም። የጀልባ ማስገቢያዎች የራሳቸው የተፈቀደ ማቋረጫ አላቸው፤ ተጎታቹን ይዞ ገብቶ የፈለገበት ይሄዳል። የሚቀረው ከዳር ቆሞ የሚያጠምደው ነው። ልጁን ይዞ የመጣ አባት፣ ጡረተኛ፣ ለጀልባና ለተጎታች ገንዘብ የሌለው ሠራተኛ። ለፈቃዱ ግን ሁሉም ይከፍላሉ። ከሚኒሶታዎቹ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ወደዚህኛው የሚሲሲፒ ክፍል በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። እነዚህ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። መንጠቆ ይዞ የሚወጣ ሰው ካላችሁ ይህ ጉዳይ እናንተንም ይነካል።

ክርክሩ በሚሲሲፒ ብቻ አያበቃም። በሃድሰን ወንዝ ላይ አምትራክ የተባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት በ2018 ከኒውዮርክ በስተሰሜን ባሉ ትናንሽ ከተሞች አጥርና በር ለመትከል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሃድሰን እስከ ትሮይ ግድብ ድረስ የባሕሩ ማዕበል የሚወጣበት ወንዝ ነው። በጸደይ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ለመራባት ሽቅብ ሲወጣ ሰው ዳሩን ይሞላዋል። አጥሩ የሚዘጋው ሰዎች ለትውልዶች ሲወርዱባቸው የኖሩ መንገዶችን ነበር። ከነዋሪዎችና ከወንዙ ተሟጋቾች ከባድ ተቃውሞ ገጠመው።

ዋዮሚንግ ውስጥ ደግሞ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የ1862ቱ ሕግ ለባቡር ኩባንያው ከሐዲዱ ወሰን ሌላ፣ በመስመሩ ዳርና ዳር ያለውን መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱን ለኩባንያ አንዱን ለመንግሥት እያለ አከፋፍሎት ነበር። የኩባንያው ድርሻ ቆይቶ ለበግ አርቢዎች ተሸጠ። መንግሥት ሕዝቡ ሴሚኖ የተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ጋ ደርሶ እንዲያጠምድና እንዲያድን በዚያ መሬት ላይ መንገድ ጠረገ። ባለመሬቶቹ ከሰሱ። በ1979 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለባለመሬቶቹ ፈረደ። መንግሥት መሬቱን ሲሰጥ የማለፊያ መብት አስቀርቻለሁ ብሎ አልጻፈም፤ ስለዚህ የለውም አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በተጻፈ ሕግ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በመጉደሉ የሐይቁ መንገድ ተዘጋ።

ሞንታና በሌላ በኩል ጥሩ ምሳሌ አላት። የ1985ቱ ሕጓ ወንዝ ውስጥና ውሃው በተለመደው ከፍታው በሚደርስበት ዳርቻ ላይ ሰው እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ በግል መሬት አቋርጦ ወንዙ ጋ መድረስን ግን አይሰጥም። ይህ ጉድለት ሲያጨቃጭቅ ቆየና በ2009 ሌላ ሕግ ወጣ። ሰው ከሕዝብ መንገድ ድልድይ ጎን ወደ ወንዙ መውረድ እንደሚችል ያረጋገጠ ሕግ ነው። መሬቱን ከማንም አልነጠቀም፤ መግቢያውን ብቻ በግልጽ አስቀመጠ። ለሐዲዱም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ጥሩ እይታ ያለባቸው ቦታዎች ተመርጠው፣ ምልክት ተተክሎባቸው፣ ኩባንያው ከክስ የሚጠበቅበት አንቀጽ ተጨምሮ ቢፈቀዱ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ግዛት ብቻውን ኩባንያዎቹን ሁሉንም ነገር ማዘዝ አይችልም፤ ከ1995 ወዲህ የባቡር ሥራ በአብዛኛው በፌዴራል ሕግ ሥር ነው። በእግር የሚሻገርን ሰው መቅጣት ወይም አለመቅጣት ግን ግዛቱ ራሱ በሕጉ ያስገባው፣ ራሱም ሊያወጣው የሚችለው ነገር ነው።

እስከዚያው ድረስ ጥቂት ነገር ልበል። ማቋረጫ ሁሉ የሕዝብ አይደለም። ለአንድ ገበሬ ወይም ቤት ብቻ የተሠሩ አሉ፤ እነሱን መጠቀም እንደ መጣስ ሊቆጠር ይችላል። ማቋረጫው ላይ ያለው ሰማያዊ ሰሌዳ የአደጋ ስልክና የማቋረጫ ቁጥር ይዟል፤ ቁጥሩን በስልካችሁ አንሱት፣ ባቡር ሐዲድ ላይ የቆመ መኪና ወይም ሰው ካያችሁ መጀመሪያ የሚደወለው እዚያ ነው። «ሁሌም እዚህ ነው የምንሻገረው» የሚለው ክርክር ዋጋ የለውም፤ በብዙ ግዛቶች በሐዲድ ወሰን ላይ በልማድ ብቻ የመተላለፊያ መብት አይገኝም። የትኛው ማቋረጫ የሕዝብ እንደሆነ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ወይም ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ካያክ ያለው ሰው ከተፈቀደ ማስገቢያ ተነስቶ በውሃው በኩል መዞር ይችላል። ረቂቅ ሕጉ እንደገና ለውይይት ሲቀርብም ለእንደራሴው የሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ቦታውን በስሙ ጥቀሱ፦ የትኛው ውሃ፣ ከየትኛው መንገድ፣ ቅርቡ የተፈቀደ ማቋረጫ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ።